መኪናችን ለምን ትፈላ ነበር?

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከመኪና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ባለፈው ጉባኤ ላይ ከአባላት መካከል «ይቺ መኪና ገንዘባችንን ስትበላ ኖራ አሁን በምን ዳነች? ይነገረን እንጂ!» የሚል ጥያቄ መነሣቱን ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለሆነም እኛ የመኪና ኮሚቴው አባላት የሆነውን ሁሉ ከደብተር እያየን ጽፈን ቀርበናል።

ይህ ንግግር የሒሳብ መግለጫ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን አሮጌ መኪና ያላቸው፣ በሹፍርና የሚተዳደሩ፣ ልጆቻቸው ጋራዥ የሚውሉ ብዙዎች ስላሉ ለእነሱም የሚጠቅም ነገር ይገኝበታል ብለን እናምናለን። ከዚህም ሌላ በዚህ ጉዳይ የበደልነው አንድ ሰው አለ። እሱንም በጉባኤ ፊት መናገር ግዴታችን ነው።

መኪናችን ሁላችሁም እንደምታውቋት በ2011 ዓ.ም. በጨረታ የገዛናት ረጅሟ ላንድ ክሩዘር ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 የተሠራች፣ ባለ አራት ሲሊንደር 3ቢ የሚባል የናፍጣ ሞተር ያላት ናት። በዕድሜ ሽማግሌ ብትሆንም ኋላዋ ረጅም ስለሆነ አስከሬን ከነቤተሰቡ ትይዛለች፤ ጭቃና ድንጋይ ባለበትም ትገባለች። ለእድራችን ሥራ ከእሷ የተሻለ አላገኘንም፤ አሁንም አንፈልግም።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ከአባሎቻችን አንዷ የነበሩ እናት አርፈው፣ አጥንታቸው ከእናት አባታቸው አጠገብ እንዲያርፍ ተናዝዘው ስለነበር ወደ ጎጃም ልንሸኛቸው ተነሣን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። ከአንዱ አፋፍ ተነሥቶ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ስንያያዘው የሙቀቱ ጌጅ ወደ ቀዩ ወጣ። ብዙም ሳንሄድ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይጎን ጀመር።

ያን ጊዜ የሠራነውን ስሕተት እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው። የፈላው ውሃ ተወርውሮ ወጥቶ እጁን እስከ ክርኑ አቃጠለው። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ እዚሁ በመካከላችሁ ተቀምጧል። ሌላው ደግሞ «ድሮ ሲያደርጉ አይቻለሁ» ብሎ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ደፋበት። በጣም የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ እንደሚችል ያን ዕለት የሚነግረን አላገኘንም። ሾፌራችን «ተዉ! ትንሽ እንታገሥ» ሲል ነበር፤ ማን ሰማው?

ሦስት ጊዜ እየቆምን፣ ውሃ እየለመንን ደጀን ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ከዚያ ወደ መንደሩ ስንገባ ጨልሟል። ከማለዳ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተሰበሰበው ወገን፣ ካህናቱም ጭምር፣ ሲጠብቁን ውለው ቀብሩ በማግሥቱ ሆነ። ከሩቅ መንደር በእግሩ የመጣው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው አደረ። የሟች ልጆች አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። ባይናገሩንም ፊታቸውን ቀና ብለን ማየት አቃተን። እድር የቆመው ሰው በመጨረሻ ጉዞው እንዳይጉላላ አይደለምን?

ስንመለስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሾፌራችን ተጠርቶ ቀረበና «ውሃ ሳታይ ነው የተነሣኸው» ተባለ። የሰጠው መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፤ «ውሃውን ጧት ሞልቼ ነው የተነሣሁት። ይቺ መኪና ሜዳ ላይ ስትሮጥ አትፈላም። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ስትወጣ ነው የምትፈላው። አናቱ ላይ ወጥታ ነፋስ ሲመታት ራሷ ትበርዳለች።» እኛ ይህንን እንደ ማመካኛ ቆጠርነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠነው፤ የዚያን ጉዞ አበሉንም ያዝንበት። ይህችን የሾፌሩን ቃል እባካችሁ በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ ወደ ግዢ ገባን። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. «የፈላ መኪና ራዲያተሩ ነው» ተብሎ አዲስ ራዲያተር በ42,000 ብር ተገዛ። ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተንበት ስለነበር ቴስታታው ተሰንጥቆ ይሆናል በሚል ሥጋት ተከፍቶ ታየ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰነጠቀም፤ አልተጣመመምም። ሆኖም ለመክፈቻው፣ ለጓርኒሲዮኑና ለእጅ ዋጋ 18,500 ብር ወጣ። ቴርሞስታቱም «ለቆላ አያስፈልግም» ተብሎ ተነቅሎ ተጣለ። በጠቅላላው 60,500 ብር መሆኑ ነው። ይህ ገንዘብ ከእያንዳንዳችሁ ወርሃዊ መዋጮ የመጣ ነው።

ውጤቱስ? በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በጅማ መንገድ ስንጓዝ፣ ሰማዩ ደመና ሆኖ እያለ፣ መኪናችን ከጊቤ ሸለቆ ስትወጣ ከበፊቱ ብሳ ፈላች። ደግነቱ ያን ጊዜ አስከሬን አልጫንንም፤ ከእዝን የሚመለሱ ሰዎች ብቻ ነበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን አፍስሰን መልቀሙም አልሆነልንም።

በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ እንዲያዩልን ለመንናቸው። መጡና ኮፈኑን ሳይከፍቱ «መቼ ነው የምትፈላው?» አሉን። እኛም «ራዲያተሩ አዲስ ነው፤ ጓርኒሲዮኑም አዲስ ነው» ብለን መዘርዘር ጀመርን። እሳቸውም «ምን ገዛችሁ አላልኳችሁም። መቼ ነው የምትፈላው ነው ያልኳችሁ» አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን። የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ሾፌራችን ተጠራ፤ ከዘጠኝ ወር በፊት የተናገረውን ያንኑ ቃል ደገመላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «በሽታውን እኮ ነግሯችኋል» አሉ።

እንዴት ነገረን? ይህንን ለማስረዳት የሞተሩ ሙቀት በምን እንደሚበርድ በአጭሩ እንመልከት።

በሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ነዳጅ ሁሉ መኪናውን ለመግፋት አይውልም። ከፊሉ ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ብረቱን ያግላል። ብረቱ እንዳይነድ ውሃ በውስጡ ይዞራል። ውሃውን የሚያዞረው ውሃ ፓምፑ ነው። ውሃው የሞተሩን ሙቀት ተሸክሞ በላይኛው ማኒኮቶ ወደ ራዲያተር ይገባል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲወርድ በመካከላቸው የሚያልፈው ነፋስ ሙቀቱን ይወስድለታል። ከዚያም በታችኛው ማኒኮቶ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። እንግዲህ ሥራው የሁለት ነው ማለት ነው፤ የውሃና የነፋስ። ከሁለቱ አንዱ ካነሰ መኪናው ይፈላል።

አሁን የሾፌሩን ቃል እንመርምር። መኪናው ሜዳ ላይ በ80 ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ፊት ለፊት እየመታ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ቬንቶላ ባይኖር እንኳ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ በ20 ሲሄድ ግን ሞተሩ በኃይል ይሠራል፤ ሙቀቱ ይበዛል፤ የመንገዱ ነፋስ ግን የለም። ያን ጊዜ ነፋስ የሚስበው ቬንቶላው ብቻ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ በዝግታ ሲሄድ የሚፈላ፣ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚበርድ መኪና የጎደለው ነፋስ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በተቃራኒው ቆሞ ሲሠራ ደኅና ሆኖ፣ በሰፊ መንገድ በፍጥነት ሲሮጥ የሚፈላ መኪና ከሆነ የውሃው ዑደት ነው የሚጠረጠረው። ወይ የራዲያተሩ ውስጥ በዝቃጭ ተደፍኗል፤ ወይ ፓምፑ ደክሟል፤ ወይ ቴርሞስታቱ አልከፍት ብሏል፤ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ ላልቶ ፓምፑ ሲስበው ይጣበቃል። ጧት ከተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚፈላ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ እንደሆነ፣ ከዚያም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ እንደሆነ ይታያል። «መቼ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ግማሹን መንገድ ታደርሳለች።

መካኒኩ ሞተሩን አጥፍተው ቬንቶላውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ቬንቶላው እንደ ልጅ መጫወቻ ሽር ብሎ ደጋግሞ ዞረ። «አያችሁ?» አሉን። በእኛ ሞተር ላይ ቬንቶላው ከዘንጉ ጋር በቀጥታ አልታሰረም። በመካከል ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ያለበት ክብ መያዣ አለ። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲግል መያዣው ዘይቱን ወደ ውስጥ ይለቀውና ቬንቶላውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሲበርድ ደግሞ ላላ ያደርገዋል። ደኅና የሆነ መያዣ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲገፉት እንቢ እንቢ ይላል፤ አንድ ዙር እንኳ በግድ ነው። የእኛው ግን ዘይቱ አልቆ ነበር። ፊቱ ላይ አቧራ የለጠፈ የዘይት እድፍ ይታያል። ስንት ጊዜ ኮፈኑን ከፍተን አይተነው ይሆን? ሞተሩ ሲሠራ ቬንቶላው ስለሚዞር ደኅና ነው ብለን አለፍነው። መዞሩንስ ይዞራል፤ ነፋስ መሳብ ነው ያቃተው።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ያሳፍራል። በቬንቶላው ዙሪያ ከራዲያተሩ ጋር የሚታሰር መከለያ መኖር ነበረበት። መከለያው ከሌለ ቬንቶላው አየሩን በራዲያተሩ ሁሉ በኩል መሳቡን ትቶ ከጎንና ከጎን ያለውን የሞተሩን ትኩስ አየር ያማስላል። ይህ መከለያ አዲሱ ራዲያተር ሲገባ «አልገጥም አለ» ተብሎ ወጥቶ ቀርቷል። የት ነው ያለው ብለን ስንፈልግ ከእድራችን ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑ ቋሚ እንጨቶች ጋር ተደግፎ ተገኘ! ጊቤ ላይ ከዓባይ ብሶ የፈላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው የተጣለው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ዘግቶ፣ ውሃው በአጭር መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እንዲዞር ያደርጋል። ሲግል ትልቁን በር ይከፍትና በታችኛው ሳህኑ አጭሩን መንገድ ይዘጋዋል። ጨርሶ ከተነቀለ ግን አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ከጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይበርድልናል ብለን የነቀልነው ዕቃ ሙቀቱን ጨመረልን ማለት ነው።

መከለያው በትንሽ ሥራ ተስተካክሎ ቦታው ገባ። ደኅና የሆነ ያገለገለ የቬንቶላ መያዣ ተፈልጎ ተገዛ፤ አዲስ ቴርሞስታትም ገባ። ከነእጅ ዋጋው 11,200 ብር ወጣ። ከዚያም መካኒኩ፣ ሾፌራችንና ከእኛ ሁለት ሰዎች ሆነን፣ በዕቃ ቤታችን ያለውን የወንበር ጭነት ጭነን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። ጌጁ ከመካከል አልነቃነቅም አለ። ዳገቱ መካከል ላይ ቬንቶላው ሲይዝ እንደ ንፋስ ያለ ድምፁ ጎልቶ ተሰማን። ሾፌራችን «ይሄን ድምፅ ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ» አለ። እኛ ድምፁ መጥፋቱንም አላወቅንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጊቤን ሁለት ጊዜ ተሻግራለች፤ አልፈላችም።

አሁን ደግሞ መኪና ላላችሁ አባላት፣ ሞተር ሲግል በምን ቅደም ተከተል እንደሚመረመር ያገኘነውን ትምህርት እናካፍላችሁ። ደንቡ አንድ ነው፤ ገንዘብ ከማይጠይቀው ተነሥቶ ወደሚጠይቀው መሄድ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

በመጀመሪያ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ውሃውን ማየት ነው። በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ የሆነ ቦታ ይወጣል ማለት ነው። በጎማዎቹ መጋጠሚያ፣ በፓምፑ ሥርና በራዲያተሩ ጎን ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ ደረቅ ምልክት ይፈለግ።

ሁለተኛ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ይህችን ብዙዎቻችን እንንቃታለን። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት መሆኑን እናቶች ያውቁታል። ቴርሞስታታችን የሚከፍተው በ82 ዲግሪ ነው። ክዳኑ ካልያዘ እንግዲህ በመክፈቻውና በመፍያው መካከል ያለው ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው! በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ደኅና ክዳን ግን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ከታየ ይለወጥ፤ ቁጥሩ ግን ፋብሪካው ያዘዘው ይሁን፤ ከፍ ያለ አይገዛ።

ሦስተኛ ችንጋው ነው። በአውራ ጣት በመካከሉ ሲጫኑት አንድ ጣት ያህል ከሚረግበው በላይ ከሆነ ላልቷል፤ ፓምፑም ቬንቶላውም ይንሸራተታሉ።

አራተኛ የራዲያተሩ ፊት ነው። ለገጠር መንገድ መኪና ጭቃ፣ ሣርና የበረሃ ነፍሳት ክንፍና ቱቦዎቹን ይደፍኑታል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ይታጠብ። በኃይለኛ ውሃ ከተመታ ስሱ ክንፎቹ ይተኛሉና መጠንቀቅ ያሻል።

አምስተኛ ቬንቶላውና መከለያው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ይገፋ። የእኛን ታሪክ አስታውሱ።

ስድስተኛ ቴርሞስታቱ ነው። ተፈትቶ በክር ታስሮ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣድ፤ ቴርሞሜትር ካለ ይጨመር። 82 ሲሆን መከፈት መጀመር አለበት። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ገደማ ስለሆነ፣ የእኛ ሀገር ድስት ደግሞ በ92 ስለሚፈላ፣ ግማሽ ያህል ተከፍቶ ቢቀር ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ሰባተኛ የራዲያተሩ ውስጥና ፓምፑ ነው። ራዲያተሩ ግሎ ሳለ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፊቱን በእጅ በጥንቃቄ ሲዳስሱት አንዱ ክፍል ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ተደፍኗል። ዝቃጭ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ነው። ስለዚህ ተገቢውን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅሎ መጠቀም ነው። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፤ መፍያውንም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል።

በመጨረሻ፣ በመጨረሻ ብቻ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። ምልክቱ ይታወቃል። ሞተሩ በቀዝቃዛው ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ይንፈቀፈቃል። የላይኛው ማኒኮቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጠንክሮ ይወጠራል። ዘይቱ ሻይ በወተት ይመስላል። ከነዚህ አንዱም ሳይታይ ቴስታታ ማስከፈት የእኛን 18,500 ብር መድገም ነው።

መንገድ ላይ ጌጁ ሲወጣስ ምን ይደረግ? ቀዩን ሳይነካ ከመንገድ ወጥቶ መቆም ነው። እንፋሎት ካልታየ ሞተሩን አለማጥፋት፤ ማርሹን አውጥቶ ነዳጁን ትንሽ ረገጥ አድርጎ ማቆየት፤ የውስጥ ማሞቂያ ካለውም እስከ መጨረሻው መክፈት፤ እሱም አንድ ትንሽ ራዲያተር ነውና ሙቀት ይቀንሳል። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጅ ጨብጦ መያዝ እስኪቻል ድረስ ክዳኑን ማንም አይንካ። ሲከፈትም በጨርቅ ተይዞ፣ ፊትን አዙሮ፣ መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ ትንፋሹ ይውጣ። ውሃ የሚጨመረው ሞተሩ ተነሥቶ በቀስታ ሲሠራ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

አሁን ወደ ሾፌራችን እንመለስ። በ11,200 ብር የሚድን መኪና 60,500 ብር ከበላ በኋላ የዳነው፣ አንድ ሰው የተናገረውን እውነት ዘጠኝ ወር በቃለ ጉባኤ ውስጥ ዘግተን ስላስቀመጥን ነው። መሪውን የያዘው እሱ ነው፤ ጌጁን የሚያየው እሱ ነው፤ ድምፁን የሚሰማው እሱ ነው። እኛ ግን ጥፋተኛ ስንፈልግ በሽታውን ሳንፈልግ ቀረን። ማስጠንቀቂያው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ከመዝገብ ተሰርዟል፤ የተያዘበት አበልም ተከፍሎታል። ይህ ግን በጓዳ የተደረገ ነበር። የተወቀሰው በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት። እነሆ በዚህ ጉባኤ ፊት እኛ የመኪና ኮሚቴው አባላት ሁላችንም ይቅርታ እንጠይቀዋለን። በዓባይ በረሃ አብረውን ለተንገላቱት ለእኒያ እናት ልጆችም እንዲሁ።

ለወደፊቱ ጉባኤው ቢያጸድቅልን ያሰብነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመኪናዋ ውስጥ ደብተር ይኖራል፤ ሾፌሩ ጌጁ መቼ፣ የት፣ በምን ማርሽ እንደወጣ ይጽፍበታል፤ ኮሚቴው በየወሩ አንብቦ ይፈርማል። ሁለተኛ፣ ምን ምልክት ታይቶ ምን ዕቃ እንዳስፈለገ በጽሑፍ ሳይቀርብ አንድም ዕቃ አይገዛም። ሦስተኛ፣ ከሩቅ ጉዞ በፊት በዋዜማው ማታ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ውሃው፣ ክዳኑ፣ ችንጋውና ቬንቶላው ከሾፌሩ ጋር አንድ የኮሚቴ አባል ባለበት ይታያል። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

መኪናዋ ሽማግሌ ናት ብለናል። ሽማግሌ ደግሞ የሚሰማው ካገኘ ገና ብዙ ያገለግላል። ለሟች ቤተሰብ «በሰዓቱ እናደርሳችኋለን» ብለን ስንነሣ ቃላችንን የምንጠብቅ ያድርገን።